የድሬዳዋ ባቡር ወርክሾፕ፦ የሚጠበቀው ሕንፃው ነው ወይስ ሥራው?

ጥያቄ (ከዚራ)

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

የተወለድኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባቴ በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ብረት እያሽከረከረ ከሚልጠው ከቶርኖ ማሽን ፊት ቆመው ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ምሳ ዕቃቸውን ይዤ ስገባ በበሩ ላይ የሚቀበለኝ የዘይት ሽታና ከጫማዬ ሥር የሚንኮሻኮሸው የብረት ፍቅፋቂ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በምጠይቀው ነገር ላይ ስሜቴ ገለልተኛ አለመሆኑን እንድታውቁልኝ ነው።

ሰሞኑን ከሰፈሬ ሰዎች ጋር ስለ አሮጌው ጣቢያና ስለ ወርክሾፑ ቀጣይ ዕጣ ደጋግመን እየተነጋገርን ነው። መጠበቅ የለበትም የሚል ሰው አልገጠመኝም። የሚያለያየን «መጠበቅ» የሚለው ቃል ነው። አብዛኛው ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው የጣቢያውን ፊት፣ በግንባሩ ላይ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈውን ስም፣ አዲስ ቀለም የተቀባውን ግድግዳ ነው። አንዳንዶች ደግሞ አሮጌዎቹን ማሽኖች ከወርክሾፑ አውጥቶ አዳራሹን ለስብሰባና ለሠርግ ማዋል ይሻላል ይላሉ። እኔ ግን ማሽኖቹ ከወጡ በኋላ የሚቀረው ነገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ ለራሴ መመለስ አቅቶኛል።

ነገሩ በድሬዳዋ ላይ ለምን እንደሚከብድ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላብራራ። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር መዘርጊያ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ሲሆን፣ ኢልግም ከፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኔ ጋር ሆነው ኩባንያ አቋቁመው የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዕቅድ ባቡሩ ሐረር መግባት ነበረበት፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣቱ እጅግ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ መስመሩ በግርጌው እንዲያልፍ ተደረገ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም ሐዲዱ ዛሬ ጣቢያው ካለበት ሜዳ ላይ ደረሰ፤ በዙሪያው ለተቆረቆረው ሰፈርም «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፤ ኩባንያውም ከሰረ፤ ድሬዳዋም ለዓመታት የባቡሩ መጨረሻ ሆና ቆየች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ሌሎች ከተሞች ጣቢያ ተሠርቶላቸው ይሆናል፤ የእኛ ከተማ ግን ራሷ ለጣቢያው የተሠራች ናት፤ የከዚራ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና በዛፍ የተከለሉ ቤቶችም የዚያው ታሪክ ክፍል ናቸው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህንን ነው። እንዲህ ያለ የሥራ ቦታ ሥራው ከቆመ በኋላ ሲጠበቅ ከሕንፃው በተጨማሪ የትኛው ክፍሉ እንደ ቅርስ ይቆጠራል? ማሽኖቹ አልፎ አልፎ እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ ይጠቅማቸዋል ወይስ ይጎዳቸዋል? እኛ የሥልጣን ወንበር የሌለን ነዋሪዎችስ ከየት ብንጀምር ይበጃል? የተግባር ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።


ምላሽ (ኖራና ድንጋይ)

በአሮጌ ሕንፃዎች ጥገና ላይ የምሠራ መሐንዲስ እንደመሆኔ በማውቀው ልመልስ።

በመጀመሪያ ሕጉን ልጥቀስ፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለበትና። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የማይንቀሳቀስና ተንቀሳቃሽ ብሎ ይለያል፤ ለሁለቱም ጥበቃ ይሰጣል። እንግዲህ አዳራሹ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ከሆነ፣ በውስጡ ያሉት ቶርኖዎች፣ ሞርሳዎች (ዕቃ ጨብጠው የሚይዙ መሣሪያዎች)፣ መለኪያዎችና የእጅ መሣሪያዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው እንደ ተንቀሳቃሽ ቅርስ ሊመዘገቡ ይችላሉ ማለት ነው። ምዝገባው ሕንፃውን ብቻ ጠቅሶ ካለፈ፣ አንድ ቀን ማሽኖቹ ቁርጥራጭ ብረት ተብለው በኪሎ ቢሸጡ ተከራካሪ አይኖራቸውም። በተመዘገበ ቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና ደግሞ ከሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ በጎ ፈቃደኞች ቀለም ይዘው ከመምጣታቸው በፊት ይህን ማወቃቸው አስፈላጊ ነው።

ስለ ሕንፃው የምመክረው ከሁሉ አስቀድማችሁ ጣሪያውን እንድታዩ ነው። በድሬዳዋ ዝናብ ጥቂት ቢሆንም ሲመጣ በኃይል ነው፤ ውኃ የሚያስገባ ጣሪያ ሥር ያለ ማሽን ምን ያህል ዘይት ቢቀባ ከዝገት አይድንም። ግድግዳን በተመለከተ ደግሞ በየቦታው የምናየው ትልቁ ጥፋት በኖራ የተገነባን አሮጌ ድንጋይ በሲሚንቶ መጠገን ነው። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍናል። የታፈነው እርጥበት መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ከእርጥበቱ ጋር የሚወጣውም ጨው የድንጋዩን ፊት እየፈረፈረ ያረግፈዋል። ለጊዜው ያማረ የመሰለው ጥገና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከነበረው የባሰ ጉዳት ይዞ ይመጣል።

ብረቱንም በአሸዋ ግፊት አታስጠርጉት። አሸዋው ዝገቱን ብቻ አያነሣም፤ የአምራቹን ምልክት፣ በሠራተኛ እጅ የተቀረጸውን ቁጥር፣ የመዶሻውን አሻራ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። በለስላሳ የሽቦ ብሩሽ ልቅ ዝገቱን አራግፎ በዘይት ወይም በሰም መሸፈን ይበቃል። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ያለ አፍ መሸፈኛ መፋቅ አይገባም፤ የሙቀት መከላከያ ሽፋኖችም አስቤስቶስ ሊሆኑ ይችላሉና ባለሙያ ሳያያቸው አይነኩ።


ምላሽ (መዝገብ ቤት)

ጠያቂው «ማሽኖቹ ከወጡ በኋላ የሚቀረው ምን ይባላል?» ላሉት ጥያቄ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሰጠ መልስ አለ። የኢንዱስትሪ ቅርስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ በ2003 በሩሲያዋ ኒዝኒ ታጊል ከተማ ባጸደቁት ቻርተር የአንድ የኢንዱስትሪ ቦታ ዋጋ በራሱ በቦታው፣ በግንባታው፣ በማሽኖቹና በአካባቢው አቀማመጥ፣ በሰነዶቹ፣ እንዲሁም በሰዎች ትዝታና ልማድ ውስጥ የሚገኝ መሆኑ ተመልክቷል። ማሽኖች ሲነሡ ዋጋው እንደሚቀንስ፣ በአሮጌው የአሠራር ዘዴ የሠለጠነ የሰው እጅ ከጠፋም ሊተካ እንደማይችል፣ ስለዚህም ተመዝግቦ ለወጣቶች መተላለፍ እንዳለበት ቻርተሩ በግልጽ ይናገራል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ እንዳልሆነ ጎረቤታችን ኤርትራ ታሳየናለች። ከምጽዋ አስመራ የሚደርሰው 118 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 950 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠባብ መስመር፣ አስመራ የደረሰው እ.ኤ.አ በ1911 ነበር። በጦርነቱ ዘመን ሥራውን አቁሞ ሐዲዱ ተነቃቅሎ ለምሽግ እስከ መዋል ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ ከ1994 ጀምሮ እንደገና ሲሠራ ሥራውን የመሩት በጡረታ ላይ የነበሩ አሮጌ የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮቹን በራሳቸው ወርክሾፕ፣ በራሳቸው መሣሪያ ጠገኑ። እነዚያ ሽማግሌዎች በሕይወት ባይኖሩ ኖሮ ማሽኖቹ ቢገኙ እንኳ የሚያንቀሳቅሳቸው አይገኝም ነበር። እኔን በዚህ ታሪክ የሚያስደንቀኝ ሐዲዱ ከመነሣቱ በላይ ሰዎቹ ሳይረሱ መቆየታቸው ነው።

ማንቀሳቀስን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚሠራ ማሽን ይበላል፤ የተበላውን ክፍል በአዲስ በተካችሁ ቁጥር ከመጀመሪያው ዕቃ ይቀንሳል። በብዙ ሙዚየሞች የሚሠራበት መንገድ አንድ ዓይነት ማሽን ሁለት ወይም ሦስት ሲገኝ አንዱን ለማሳያ ማንቀሳቀስ፣ ሌላውን ሳይነኩ በዘይት ሸፍኖ ማቆየት ነው። ከዓይነቱ አንድ ብቻ ከሆነ ግን አታስነሡት፤ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቀው ሰው ቆሞ ሲያስረዳ በቪዲዮ ቅረጹት።

ለነዋሪዎች ደግሞ መነሻው ይህ ቀረጻ ነው ባይ ነኝ፤ ገንዘብም ፈቃድም ብዙ አይጠይቅምና። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ሰውየውን ቤታቸው ሶፋ ላይ አስቀምጣችሁ «ስለ ባቡር ይንገሩን» አትበሏቸው። ከማሽናቸው ፊት ይቁሙ፤ እጃቸው ያስታውሳል። የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለነበረ የመሣሪያዎቹን ስም እነሱ በሚጠሩበት አጠራር ያዙት፤ ወደ መዝገበ ቃላት ፈረንሳይኛ አታስተካክሉት፤ የድሬዳዋ አጠራር ራሱ ታሪክ ነውና።


ምላሽ (አሮጌ ፉርጎ)

ልጄ፣ ጥያቄህን ሳነብ አባትህን የማውቃቸው መሰለኝ። እኔም በዚያ መስመር ላይ በመካኒክነት የሠራሁና አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው ነኝ።

ሰዎች ወርክሾፑን ሲጎበኙ ትልልቁን ማሽን አይተው ይደነቃሉ፤ ፎቶ ያነሣሉ፤ ይሄዳሉ። ማሽኑ ለምን እዚያ እንዳለ ግን አንዳቸውም ሲጠይቁ አልሰማሁም። የእኛ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመቱን ይዞ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አዲስ አበባ ይወጣል። ዳገቱን ቀስ ብሎ ለመውጣት መጠማዘዝ አለበት፤ በተጠማዘዘ ቁጥር ደግሞ ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው የመንኮራኩሩ ከንፈር ከሐዲዱ ጎን ጋር እየተፋተገ ይሳሳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ መንኮራኩሩ ከቆመና ከተንሸራተተ ክብነቱን አጥቶ አንድ ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በየዙሩ «ደው፣ ደው» ሲል ይሰማሃል። ጠፍጣፋው ሐዲዱን ይቀጠቅጣል፤ ሐዲዱም መልሶ ፉርጎውን ይመታል።

የመንኮራኩር ቶርኖው ሥራ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ሁለቱ መንኮራኩሮች ከነዘንጋቸው አንድ ላይ ይወጡና አብረው ይላጣሉ፤ ምክንያቱም በአንድ ዘንግ ላይ ያሉ ሁለት መንኮራኩሮች በመጠን እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ትንሽ ካነሰ ፉርጎው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ጥሩ ቶርነሪ፣ ማለትም የቶርኖ ሠራተኛ፣ ከሚገባው በላይ አይልጥም፤ መንኮራኩር በተላጠ ቁጥር ዕድሜው ያጥራልና። ቀድሞ የላጥከውን አስበህ፣ የሚቀጥለውንም ሰው አስበህ ነው የምትልጠው። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጅ ስለነበር ብዙውን ነገር እዚያው ቆርጠንና ቀጥቅጠን እንሠራ ነበር እንጂ እንደ ዛሬው ከሱቅ ገዝተን አልነበረም።

አሁን ግን ልነግርህ የምፈልገው ከማሽኑ በፊት ስለሚመጣው ነገር ነው። መንኮራኩር ቶርኖ ላይ ከመውጣቱ በፊት በመዶሻ ይመታል። ቀጭን ረጅም እጀታ ያላት ትንሽ መዶሻ ናት። ጤነኛ መንኮራኩር ሲመታ እንደ ደወል ጠርቶ ይቆያል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ድምፁ ደንዝዞ ወዲያው ይሞታል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ በጆሮ ይገኛል። እኔ ይህን ለመለየት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው ጀርባቸውን ሰጥተው ይሰሙና «እሱን መልሰህ ምታው» ይሉኝ ነበር። ይህን በየትኛው ሙዚየም መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለህ?

ስለዚህ ማሽኖቹን ከዚያ አታስወጡ። ከተቻለ ደግሞ በግቢው ውስጥ ካለው አሮጌ ሐዲድ ጥቂት መቶ ሜትሮች ተጠግነው አንድ ፉርጎ ብቻ ወዲያና ወዲህ ቢል ለወጣቱ ከአንድ ሺህ ፎቶ ይበልጥ ያስተምራል። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የእኛ ፉርጎዎች በዚያ ላይ መሄድ አይችሉም፤ እኛም ያን አንመኝም። ግቢያችን ይበቃናል።


ምላሽ (ለገሃር)

የአዛውንቱን ምላሽ በአክብሮት ካነበብኩ በኋላ የተለየ አስተያየት ለማቅረብ እደፍራለሁ።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የእኛ ጣቢያ በኅዳር 1922 ዓ.ም የተመረቀ ሲሆን፣ ፊት ለፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ደግሞ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የቆመ ነው። ጣሊያን ሐውልቱን ወስዶ ሮም ቢያቆመውም ከዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ባቡሩ ከሄደ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም «ለገሃር» ብሎ ይጠራዋል፤ ቃሉ የፈረንሳይኛ «ጣቢያ» መሆኑን የማያውቅ ታክሲ ረዳት እንኳ ስሙን ቀኑን ሙሉ ሲጣራ ይውላል። ይህ የሚያሳየን ሕንፃና ስም ብቻቸውን ሆነውም ትልቅ ትዝታ መሸከም እንደሚችሉ ነው፤ ማሽን የሌለው ሁሉ ባዶ ቅርፊት ነው ማለት አይቻልም።

ከዚህ የሚበልጠው ስጋቴ ግን ሌላ ነው። ሰው የማይገባበት አዳራሽ ይዘረፋል። በመጀመሪያ መስታወቱ፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ በመጨረሻም ማሽኑ ራሱ በቁርጥራጭ ይወጣል። የሠርግ አዳራሽ ይሁን አልልም፤ ነገር ግን በየቀኑ ሰው የሚገባበት ምክንያት ካልተገኘለት በጣም ንጹሕ የሆነው የጥበቃ ሐሳብ እንኳ ሕንፃውን አያድነውም። ለምሳሌ የአዳራሹ አንድ ክንፍ ለብረታ ብረት ሥራ ሠልጣኞች የመለማመጃ ቦታ ቢሆንስ? ሠልጣኞቹ በዘመናዊ ማሽን ይለማመዱ፤ አሮጌዎቹ ከጎናቸው ይቁሙ፤ አዛውንቶቹም በሳምንት አንድ ቀን ይምጡ።


የጠያቂው መልስ (ከዚራ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጥያቄውን ስጽፍ የተደራጀ ክርክር ብቻ እየፈለግሁ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ነገ ጠዋት ልጀምረው የምችለውን ሥራ ነው።

የለገሃሩን ወንድሜ አስተያየት እቀበላለሁ። አዳራሹ የዕለት ተዕለት ሥራ እንደሚያስፈልገው አሁን ተረድቻለሁ፤ የሠልጣኞቹ ሐሳብ ደግሞ እኔ ከፈራሁት ከሠርግ አዳራሹ በእጅጉ የራቀና ለቦታው ተፈጥሮ የቀረበ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የሚሆነው ማሽኖቹ አንድ በአንድ ፎቶ ተነሥተው፣ የቆሙበት ቦታ በንድፍ ተይዞ፣ ከሕንፃው ጋር በቅርስነት እንዲመዘገቡ ጥያቄው በጽሑፍ ከቀረበ በኋላ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መሐንዲሱ ያስጠነቀቁት ነገር ይደርሳል። ለጥያቄው ደብዳቤ የሰፈሬን ሰዎች ፊርማ ማሰባሰብ እጀምራለሁ፤ ጣሪያውንም የሚያይልን ባለሙያ እንፈልጋለን።

ቀረጻውን በተመለከተ በከተማችን በሕይወት ያሉትን የቀድሞ ሠራተኞች ስም ከእናቴ ጋር ተቀምጠን መጻፍ ጀምረናል። እስካሁን አሥራ አንድ ሰዎች አስታውሰናል፤ ሁለቱ አሁን ዓይናቸው አያይም፤ ጆሯቸው ግን ደህና መሆኑን እናቴ ነግራኛለች።

አሮጌው ፉርጎ አባቴ፣ ለእርስዎ አንድ ነገር ልንገርዎ። በቤታችን ከበሩ ኋላ ቀጭን ረጅም እጀታ ያላት ትንሽ መዶሻ ተሰቅላለች። አባቴ ሲሞቱ ከዕቃቸው ሁሉ እሷን ብቻ ለማንም አትስጡ ብለው ነበር፤ እኛም ለምን እንደሆነ ሳይገባን ምስማር ስንመታባት ኖረናል። ዛሬ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ አውርጄ በጨርቅ ጠረግኋት። ድሬዳዋ ከሆኑ የሚመችዎትን ቀን ይንገሩኝ፤ መዶሻዋን ይዤ መጥቼ ከግቢው ፉርጎዎች በአንዱ ላይ እንዲመቱልኝና ከኋላዎ ቆሜ እንድሰማ እለምንዎታለሁ።